ከቪየና እስከ ክራኮው፦ መሣሪያ ተከራይቶ ዒላማ መተኮስ

ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ለማያውቁት ሰው፣ ያውም ለውጭ አገር ሰው፣ እንዴት መሣሪያ ይሰጣሉ?» ይሰጣሉ። ፓስፖርት አይተው፣ ገንዘብ ተቀብለው፣ አሰልጣኝ አጠገብህ አቁመው ይሰጣሉ። ግን ቦታና ቦታ አለው። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ የሚሄድ ሰው የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት አሜሪካን ነበር። ወንድሜ ላስ ቬጋስ ነው የሚኖረው። እዚያ መሣሪያ የሚያከራይ የተኩስ ቦታ ሞልቷል። ነገሩን ስናጣራ ግን የአገሪቱ ፌዴራል ሕግ ገታን። በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። መግዛቱ ይቅርና፣ ተኩስ ቦታ ገብቶ ለአሥር ደቂቃ ተከራይቶ መተኮሱም ያው ክልከላ ውስጥ ነው። ሕጋዊ የአደን ፈቃድ እንደመያዝ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ያለ ቪዛ የሚገቡትን ብዙዎቹን አውሮፓውያን ደግሞ ክልከላው አይነካቸውም። እኛ ግን የምንገባው በቪዛ ነው። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚሄዱ አባቶች ብዙ ናቸው። ልጅም አባቱን ለማስደሰት «ይምጡ አባዬ፣ አንዴ ይተኩሱ» ይላል። ጣጣው ከባድ ስለሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ስለዚህ መንገዴን ወደ መካከለኛው አውሮፓ አዞርኩ። የአክስቴ ልጅ ቪየና አለች፤ ቼክና ፖላንድ ደግሞ ከዚያ ቅርብ ናቸው።

ቪየና፣ ግንቦት 2 ቀን 2016

አውሮፕላኑ ማለዳ አደረሰን። እታለም (የአክስቴ ልጅ ናት፤ ታላቄ ስለሆነች እንዲያ ነው የምጠራት) ከባለቤቷ ጋር መጥታ ተቀበለችኝ። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ግን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም። የፋሲካውን ዶሮ ወጥ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣልኝ ኖሮ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ቀረበ። ቪየና ላይ እንዲህ ያለ ወጥ መብላት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ላይ ተቀመጥን። እታለም ጀርመንኛዋ ውሃ ነው። አንዱ ተኩስ ቦታ አባል ያልሆነ አናስተናግድም አላት። ሌላው ለእንግዳ ክፍት የሚሆነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጋሼ፣ ባለቤቷ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና ዘምተው ሰሜን ግንባር የቆዩ ሰው ናቸው። ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

«ብርኖ ልውሰድህ» አሉኝ በመጨረሻ። «የሥራ ባልደረባዬ የዚያ ሰው ነው፤ የሚያውቀው ጥሩ ሜዳ አለ። እኔ ግን አልተኩስም። የድርሻዬን ተኩሻለሁ።»

ብርኖ፣ ግንቦት 3

ከቪየና እስከ ቼኳ ከተማ ብርኖ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ መንገዱ ሰፊ ነው። ግራ ቀኙ የወይን ተክልና በነፋስ የሚሽከረከሩ የኤሌክትሪክ ማማዎች ናቸው። ድንበሩ ላይ ያቆመን የለም። ሚኩሎቭ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ወዲያ ግን መንገዱ ይጠባል፣ የጭነት መኪናው ይበዛል። ነዳጅ ማደያ ቆመን ለአውራ ጎዳና የአንድ ቀን 200 ኮሩና (የቼክ ገንዘብ ነው) ከፈልን። ያን ጊዜ 1 ዩሮ 25 ኮሩና አካባቢ ነበር። ማደያው ግን ዩሯችንን በራሱ ምንዛሪ ነው ያሰላልን። ኮሩና ይዞ መግባት ይሻላል።

ከተማዋ ስንገባ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ካቴድራል ደወል ይደወላል። ሰዓቴን አየሁ፤ በፈረንጅ 11 ሰዓት ነው። ጋሼ «የቀትር ደወል ነው» አሉኝ። በፈረንጅ 1645 የስዊድን ጦር ብርኖን ከቦ ሳለ አዛዡ «እስከ ቀትር ካልያዝኳት ትቻት እሄዳለሁ» ብሎ ነበር ይባላል። የከተማው ሰው ይህን ሰምቶ ደወሉን አንድ ሰዓት አስቀድሞ ደወለ፤ ጦሩም ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ የብርኖ ቀትር የሚደወለው በ11 ነው። የራሳችን ሰዓት አቆጣጠር ያለን ሰዎች ስለሆንን ነው መሰለኝ ከተማዋን ወዲያው ወደድኳት።

ሜዳው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት በነበረ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሦስቱ ጎኑ ገደል ነው፤ ጥይት አያመልጥም። አሰልጣኙ ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉ ሰው ናቸው። ከጋሼ ጋር በጀርመንኛ ይነጋገራሉ፣ ጋሼ ያስተረጉሙልኛል። ፓስፖርቴን አዩ፣ ቅጽ አስሞሉኝ፣ መጠጥ ቀምሼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አንድ ብርጭቆ ቢራ የጠጣ ሰው እዚያ መሣሪያ አይነካም።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጠመንጃ አነሱ፤ አፈሙዙ ወደ ገደሉ ነው። መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ፣ ትንሿን ጣታቸውንም ጥይት የሚጎርስበት ቀዳዳ ውስጥ ከተቱ። ሰጡኝና ያንኑ እንድደግም አደረጉኝ። ጣቴን ቀዝቃዛ ብረትና ዘይት ነካው። ባዶ ነው። ጠመንጃውን መልሰው አስቀመጡት፣ ሁለት እርምጃ ሄድ አሉ፣ ተመልሰው አነሱት። እንደገና ጣት። ማንም አልነካውም፣ ዓይናችን ሥር ነበር፤ ቢሆንም እንደገና ጣት። እጅህ የገባውን መሣሪያ ሁሉ የጎረሰ ነው ብለህ ያዝ። ልትመታው ወደማትፈልገው ነገር አፈሙዝ አታዙር። ዓይንህ ዒላማው ላይ ሳያርፍ ጣትህ ቃታ አይንካ። ከዒላማው ኋላ ምን እንዳለ እወቅ። አራቱንም ቃል በቃል አስደገሙኝ። ግማሽ ሰዓት ሄደ፤ አንድም ጥይት አልተተኮሰም።

እዚያ ቆሜ የአገሬ ሠርግ ትዝ አለኝ። እኛ ጋ መሣሪያ ክብር ነው። አያቴ ምንሽራቸውን ዘይት ሳይቀቡ አያድሩም ነበር። ግን በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ወደ ላይ የወጣ ጥይት መውረዱ አይቀርም፤ የሚወርደውም ሰው መሐል ነው። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለን፤ መኖሩ መልካም ነው። እኔን የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ፈቃድ ላለው ገበሬ ይህቺን የጣት ነገር በእርጋታ የሚያሳይ አንድ ሽማግሌ በየወረዳው ቢኖር ስንት እናት ከለቅሶ በዳነች!

የተኮስኩት ቪዜድ 24 በሚባለው ጠመንጃ ነው። እዚያው ብርኖ የተሠራ፣ 7.92 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርስ፣ በነጠላ የሚተኩስ። አባቶቻችን ቤልጅግ ከሚሉት ጠመንጃ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከጀርመኑ ማውዘር 98 የወጡ ናቸው። ከ4 ኪሎ ይበልጣል። አርበኛ ይህን ተሸክሞ፣ ያውም በባዶ እግሩ፣ ዳገት ሲወጣ አሰብኩት። ቃታው ሁለት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ልል ነው፣ ከዚያ ይጠጥራል። ግማሽ ትንፋሼን አውጥቼ፣ ቀሪውን ይዤ፣ ጠጣሩ ላይ ቀስ ብዬ ጫንኩ። ትከሻዬ ወደ ኋላ ተገፋ። ገደሉ ድምፁን መልሶ ሰጠን። ወረቀቱ ላይ ቀዳዳዋ ከመሐል አንድ ስንዝር ወደ ግራ ናት። አሥር ጥይት ስጨርስ ቀዳዳዎቹ ተሰባስበው ነበር።

ዞር ስል ጋሼ መሬት ላይ የወደቀውን ቀለህ አንድ በአንድ እየለቀሙ ይቆጥራሉ። «አሥር» አሉና ለሽማግሌው አስረከቡ። ሁለቱ ተያዩና ሳቁ። ሽማግሌውም በግዳጅ ውትድርና ዘመናቸው ቀለህ ሲቆጥሩ ኖረዋል። ከዚያ በኋላ እኔን ረስተው ብዙ አወሩ። ምን እንዳወሩ ጋሼን አልጠየቅኳቸውም።

ሒሳቡ ጥይት 600፣ አሰልጣኝ 500 ኮሩና ሆነ። አይቆጭም።

ምሳችንን ከተማ በላን። ስቪችኮቫ ይሉታል፤ የበሬ ሥጋ ከካሮትና ከክሬም በተሠራ ወፍራም መረቅ፣ ከጎኑ ክኔድሊክ የሚባል በእንፋሎት የበሰለ ሊጥ። ክኔድሊኩ ሲቆረጥ ቅርፊት የሌለው ድፎ ዳቦ ይመስላል፤ መረቁን ሲጠጣ ይጣፍጣል። 220 ኮሩና። ከዚያ ጋሼ የድሮው የመሣሪያ ፋብሪካ ወደነበረበት ሰፈር ወሰዱኝ። እንግሊዞች ብሬን ያሉት መትረየስ፣ የእኛም ወታደር በደንብ የሚያውቀው፣ የተቀዳው እዚህ ከተሠራው ዜድቢ-26 ነው። ፋብሪካው ተዘግቷል፤ በቦታው አፓርታማ እየተሠራ ነው።

ፕራግ፣ ግንቦት 4 እና 5

እሑድ ቀን የፕራግ አሮጌው ከተማ አደባባይ የሰው ጎርፍ ነው። አንድ ወጣት ወረቀት ሰጠኝ፦ ብዙ ዓይነት መሣሪያ፣ በመኪና ወስዶ መመለስ፣ 2,900 ኮሩና። ከፈልኩ። መኪናው አንድ ሰዓት ዘግይቶ መጣ። ቦታው መስኮት የሌለው ምድር ቤት ነው። ፓስፖርቴን ያየ የለም። የጆሮ መከላከያው አንድ ጎኑ ልል ነው፤ ሌላ ስጠኝ ስል «ይበቃል» ተባልኩ። አሰልጣኝ ነኝ ያለው ልጅ ሽጉጡን አቀባብሎ አስያዘኝና «ተኩስ፣ ተኩስ» አለኝ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ እሱ የሚያየው ሰልፉን ነው።

ሁለት እርምጃ ርቆ የቆመ አንድ ቱሪስት በግራ እጁ ስልክ ይዞ ራሱን ይቀርጻል። ፎቶው እንዲያምርለት ፊቱን ወደ እኛ አዞረ፤ ሽጉጡም አብሮት ዞረ። አፈሙዙን ክብ ሆኖ አየሁት። የሚጮህበት ሰው አልነበረም። የእኔን ሽጉጥ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረግኩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ገንዘቤን አልመለሱልኝም። ይሂድ።

ማታ በወንዙ ዳር ስመለስ በያን ፓላክ አደባባይ አለፍኩ። በታኅሣሥ 2016፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 21 ቀን 2023፣ አንድ ተማሪ እዚያው አደባባይ ላይ ባለው የቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ውስጥ 14 ሰው ገድሏል። በፈቃድ በያዘው መሣሪያ ነው። ደጃፉ ላይ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ምድር ቤት ወጥቼ እዚህ መቆሜ አንገበገበኝ። ይህን ያየ ከተማ ውስጥ ለቱሪስት ተብሎ ማንም እንደ ልቡ አፈሙዝ ሲያዞር ዝም የሚባልበት ቤት መኖር አልነበረበትም።

ሆቴሌ እንግዳ ተቀባይዋ ራሷ ዒላማ ተኳሽ ናት። የሆነውን ስነግራት ፊቷ ቀላ። «አደባባይ ላይ ወረቀት ከሚበትኑት ጋር አትሂድ፤ ቀጠሮ የሚያስይዝና ስለ መታወቂያህ ቀድሞ የሚጠይቅ ፈልግ» አለችኝ። የራሷን ቦታ ስልክ ሰጠችኝ። ደወልኩ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ከዚህ በፊት ተኩሰህ ታውቃለህ? ማን አስተማረህ?» ነበር። ዋጋ የተነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ሰኞ በሜትሮ ሄድኩ። ቲኬቱ ያን ጊዜ ለ90 ደቂቃ 40 ኮሩና ነበር፤ አውቶቡሱንም ይጨምራል። ሌትናኒ፣ የመስመሩ መጨረሻ ድረስ ሄጄ አውቶቡስ ያዝኩ። ግድግዳው ላይ ዋጋው በጥይት ቁጥር ተጽፏል፤ ድብቅ ነገር የለም። ጆሮዬ ውስጥ ስፖንጅ፣ ከላዩ ትልቁን መከላከያ አደረጉልኝ፤ ቤት ውስጥ ሲተኮስ አንዱ ብቻ አይበቃም። መነጽርም ግዴታ ነው። ብርኖ ላይ ተኩሻለሁ ብላቸውም በ.22 ትንሽ ሽጉጥ አስጀመሩኝ። ጥሩ ምልክት ነው። ከትልቅ የሚያስጀምር ቤት የሚፈልገው ጩኸትህን ነው።

ቀጥሎ ሲዜድ 75 ሰጡኝ። የአገራቸው ኩራት ነው፤ 9 ሚሊሜትር፣ በፈረንጅ ከ1975 ወዲህ ዓለምን ያዳረሰ። እጀታው መዳፍ ውስጥ ሙልት ብሎ ይገባል። አሰልጣኙ የግራ አውራ ጣቴን ከሽጉጡ ኋላ አንስቶ ወደ ጎን አስተኛልኝ። ሲተኮስ የላይኛው ብረት በፍጥነት ወደ ኋላ ይመጣል፤ እዚያ ያረፈ ጣት ይቀደዳል። መጨረሻ ላይ ያመጣልኝ ለዓይኔ ክላሽ ነበር። እሱ ግን ክዳኑን ከፍቶ አሳየኝ። ቪዜድ 58 ነው። ጥይቱ የክላሽ ነው፣ ውስጡ ግን ሌላ አሠራር ነው፤ የክላሽ ካዝናም አይገባለትም። ቀልሎኛል፤ በነጠላ ስተኩስ አልከበደኝም።

ከመውጣቴ በፊት ስለ ዩኒቨርሲቲው ግድያ አነሳሁበት። ቶሎ አልመለሰልኝም። «ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀቱን ሳይሆን የገባውን ሰው ዓይን ነው የማየው» አለኝ። ወደ መታጠቢያው ወስዶም እጄንና ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና አስታጠበኝ። ከጥይቱ የሚወጣ የእርሳስ ብረት ብናኝ ስላለ ሳይታጠቡ መብላት ክልክል ነው። ሳንድዊች ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ባይነግረኝ በሩ ላይ ልበላው ነበር።

ክራኮው፣ ግንቦት 7

ክራኮው መግባቴን ያወቅኩት በዳቦ መዓዛ ነው። መንገድ ዳር በትንንሽ ጋሪ ኦብቫዣኔክ የሚባል፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ ይሸጣል። ምሳ ፒዬሮጊ በላሁ፤ ድንችና አይብ የተሞላ ሊጥ፣ በተጠበሰ ሽንኩርት፣ 32 ዝሎቲ (የፖላንድ ገንዘብ ነው)። በዩሮ ከ8 አይበልጥም።

አንድ የአስጎብኚ መስኮት ላይ ሦስት ማስታወቂያ ጎን ለጎን ተለጥፏል፦ አውሽቪትዝ፣ የጨው ማዕድኑ፣ ተኩስ። አውሽቪትዝን ባለፈው ቀን አይቼ ነበር። ናዚዎች 1.1 ሚሊዮን ገደማ ሰው የገደሉበት ካምፕ ነው። ከዚያ ወጥቼ እራት አልበላሁም። ሁለቱን በአንድ ቀን የሚያደርግ ሰው እንዳለ ሻጩ ነገረኝ። እባካችሁ አታድርጉት። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይለፍ።

ተኩሱ ከከተማው ወጣ ብሎ መጋዘኖች መሐል ነው፤ በትራም 6 ዝሎቲ ከፈልኩ። ስደርስ ከእንግሊዝ የመጡ ሚዜዎች ሙሽራቸውን ይዘው ይጫወታሉ። አሰልጣኟ ወጣት ሴት ናት። ወደ አንዱ ጠጋ አለችና የሆነ ነገር ጠየቀችው። ከዚያ የእሱንና የጓደኛውን ስም ከዝርዝሩ ላይ ሰረዘች። ጠጥተዋል። ሙሽራው ራሱ ለመናት፣ ገንዘብ ጨምረን እንክፈል አሉ። ድምፅዋን ሳትጨምር በሩን አሳየቻቸው። ከብርኖው ሽማግሌ ቀጥሎ ያከበርኳት ሰው እሷ ናት።

እዚህ ክላሽ ተኮስኩ። ሻጩ «በሩምታ ሞክር» ብሎ ሊያሳምነኝ ነበር፤ እሷ ግን «አምስቱን በነጠላ ካሰባሰብክ በኋላ እናያለን» አለች። አራተኛው ላይ አንድ የጋለ ቀለህ ግድግዳ ነጥሮ አንገቴ ውስጥ ገባ። ያቃጥላል! ሰው በዚህ ጊዜ መሣሪያውን ይዞ ይዘላል፤ አደጋ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። እሷ በቅጽበት በአንድ እጇ አፈሙዙን ወደ ዒላማው ያዘች፣ በሌላው ትከሻዬን። «አስቀምጥ፣ ከዚያ አውጣው።» አስቀመጥኩ፣ አወጣሁት። አንገቱ የተዘጋ ሸሚዝ ልበሱ። ክፍት ጫማም አይሆንም።

አምስቱ አልተሰባሰቡልኝም፤ ሩምታው ቀረ። 10 ጥይት 120 ዝሎቲ ከፈልኩ።

ቪየና፣ ግንቦት 9

የእታለም ልጅ 16 ዓመቱ ነው። የዒላማ ወረቀቶቼን ሲያይ «እኔንም ውሰዱኝ» ብሎ ጨቀጨቀ። እታለም እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ አይነሳ አለች። ጋሼ ግን ልጁን አስቀምጠው የብርኖውን የጣት ነገር በባዶ እጃቸው አሳዩት። «18 ሲሞላህ ሽማግሌው ጋ እኔ ራሴ እወስድሃለሁ። ሌላ ቦታ ግን እንዳልሰማ» አሉት። እታለም ቡናዋን መቁላት ቀጠለች።

ለመመለስ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ሽማግሌው በስጦታ የሰጡኝን ባዶ ቀለህ እዚያው ተውኩት። ቀለህ ይሁን ጥይት በፍተሻ ማሽን ላይ ለይቶ የሚያስረዳላችሁ የለም፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከመጨቃጨቅ አለመያዝ ይሻላል። የተኮስኩበትን ልብስ እታለም አጥባልኛለች። ወረቀቶቹን ጠቅልዬ በእጅ ቦርሳ ያዝኩ። ቦሌ ላይ ፈታሹ ዘርግቶ አያቸው፣ የፕራጉን ብድግ አድርጎ «ይሄኛው ይሻላል» አለና አሳለፈኝ።